የብሩኖ ቫዮሊን

ሰኞ

ዛሬም ጮኸ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የቫዮሊኑ ሳጥን ተዘግቶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ እንደተቀመጠ። ጩኸት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ሰው ዓይነት ነው። የሚስተር ቬርነርን ካልሲ እያጠፍኩ ነበር፤ ከነካልሲው በረንዳ ላይ ተገኘሁ።

እሳቸው እቴ! ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። “ብሩኖ ነው፣ ተይው” አሉኝ። ብሩኖ ታላቅ ወንድማቸው ነው። ከሞተ ስድሳ ዓመት አልፎታል።

እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ እሳቸውን መንከባከብ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ገላ ማጠብ፣ ትንሽ በእግር ማንሸራሸር ነው የተባልኩት። ስለሚያንጎራጉር ሳጥን ማንም አልነገረኝም።

ማክሰኞ

ጢማቸውን ስላጫቸው ሕይወታቸውን አወሩልኝ። ለካ በየቀኑ ገላውን የማጥበው ሰው በአገሩ በጀርመን ጉድ ያሰኘ የጃዝ ቫዮሊን ተጫዋች ኖሯል! ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳለቀ፣ ልጆች ሆነው፣ እሳቸውና ብሩኖ ጣሪያው በፈረሰ ቤት ውስጥ ከአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ ጃዝ እየሰሙ አጠኑ። ጎበዙ ብሩኖ ነበር። ባንድ የቀጠረውም ብሩኖን ነው። በሃያ ሰባት ዓመቱ የሳንባ በሽታ ገደለው። ከቀብሩ በሳምንቱ ቬርነር የወንድማቸውን ቫዮሊን ይዘው፣ የወንድማቸውን ኮት ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ሸክላው፣ ቴሌቪዥኑ፣ በየከተማው አዳራሽ በር ላይ ሰልፉ። ሙሽሮች በእሳቸው ዜማ ጨፈሩ። “አንድም ቀን ግን” አሉኝ፣ ሳሙናው አገጫቸው ላይ እንዳለ፣ “የምጫወተው እኔ መሆኔን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።”

ምላጩን ራቅ አደረግሁት።

ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ አራት ዓመቱ። መጫወት ያቆሙት ያኔ ነው። ማንጎራጎሩ የጀመረውም ያኔ ነው። እሳቸው አይፈሩትም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ፀጉራቸውን አበጥረው ይጠብቁታል።

ረቡዕ

ቤት የምጋራቸው እትዬ አስካለ ጉዱን ሲሰሙ “ወይ አምላኬ! ፍሪጅ ውስጥ ጸበል አለ አይደል እንዴ? ይዘሽ ሂጂ!” አሉኝ። ይዤ ሄድኩ። ሚስተር ቬርነር ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ ሳጥኑን አውርጄ ከፈትኩት። በስመ አብ ብዬ ረጨሁበት። ድምፁ ከሆዱ ነው የሚመጣው ብዬ ደግሞ ቫዮሊኑ ፊት ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች አፈሰስኩበት። ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ጸጥ! አቤት ደስ ሲለኝ። ሚስተር ቬርነር ግን ፀጉራቸውን አበጥረው እስከ አምስት ሰዓት ጠበቁ።

ሐሙስ

ቁርስ እምቢ። ምሳም እምቢ። “ሄደ” ነው የሚሉት። “ብሩኖ ከሄደ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?”

ሳጥኑን ከፈትኩት። ጉድ ፈላ! የቫዮሊኑ ፊት ከጎኑ ተላቅቋል። ክፍተቱ ጣት ያስገባል።

ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። “ትንፍሽ እንዳትዪ! ልጅየዋ ሱ ታደርግሻለች፣ ፍርድ ቤት ትገትርሻለች። የሥራ ላይሰንስሽንም ያስነጥቁሻል። ራሱ ነው የተሰበረው በያት!” ልጅየዋ ያሉት ካሪንን ነው፤ የሚስተር ቬርነር ልጅ፣ ሰን ሆዜ ነው የምትኖረው።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ሥራዬ ነበር። በኋላ ሾርባውን በማንኪያ አፋቸው ድረስ ባደርስላቸው ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ። ያኔ ሥራውን ረሳሁት። እኚህ ሰውዬ በእኔ ጸበል ሊሞቱ ነው።

ዓርብ

ካሪንን ኮል አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት። ጸበሉንም ጭምር። “ያንን እንጨት ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው ነው የኖርኩት” አለች። “እኔ መጥቼ አባቴ አጠገብ እሆናለሁ። በርክሌ ቫዮሊን የሚጠግን ሰው አለ፣ ውሰጅለት። ያደረግሽውን ግን አንቺው ትነግሪዋለሽ።”

ጠጋኙ አገላብጦ አየው። ሙጫው ከከብት ቆዳ የሚቀቀል ስለሆነ ውሃ ይፈታዋል አለኝ። አጣብቆ ጠፍሮ አሰረውና ነገ ከሰዓት በፊት ነይ አለ። ስለ ማንጎራጎሩ ስጠይቀው ሳቀ፤ ባቡር ሲያልፍ ክሮቹ ስለሚንቀጠቀጡ ነው አለኝ። እፎይ አልኩ። ባቡሩ በሚስተር ቬርነር ሰፈር በየአሥር ደቂቃው እንደሚያልፍ፣ ሳጥኑ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ብቻ እንደሚያንጎራጉር ትዝ ያለኝ ተመልሼ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ቅዳሜ

አመጣሁት። ሦስት ሰዓት ላይ እሳቸው፣ ካሪንና እኔ፣ ሦስታችንም ጆሯችንን ቀስረን ተቀመጥን። ምንም። ባቡር አለፈ። ምንም። ሚስተር ቬርነር እህል ካልቀመሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እየመጣች የምታያቸው ነርስ እንዲህ ከቀጠሉ ሰኞ ሆስፒታል ይገባሉ ብላለች።

እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። “እኔ ነኝ ያባረርኩት። ይቅር ይበሉኝ።”

“በምን አባረርሽው?”

“በጸበል።”

ሳቁ! “ሃያሲዎቹ እንኳ አልቻሉትም!” ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ውሃ እንኳ በግድ ነው የጠጡልኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ገባሁ። ካሪን ዕቃ ልትገዛ ወጣች። “አምጪው” አሉኝ። ቫዮሊኑን አገጫቸው ሥር አስደግፌ ያዝኩላቸው። ግራ እጃቸው ደህና ነው፤ ጣቶቻቸው ክሮቹን ቶሎ አገኟቸው። “ደጋኑን አንቺ ጎትቺ።”

እኔ? ከመጥረጊያ በቀር እንጨት ይዤ አላውቅም አልኳቸው።

“ጎትቺ።”

መጀመሪያ ያወጣሁት ድምፅ የዛገ በር ነው። ሁለተኛውም ያው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ ክንዴ ድንገት ቀለለኝ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ አጠረ፣ ዘለለ። እኔ አልነበርኩም የማዘው። ዜማው ደስ የሚል ነበር፤ የሚያስጨፍር። እግዚኦ እያልኩ ላቆም ሞከርኩ፤ ክንዴ አልቆመም። ያቆመው ዜማው ሲያልቅ ነው።

ሚስተር ቬርነር እኔን አላዩኝም። ከቀኝ ትከሻዬ በላይ እያዩ በጀርመንኛ አንድ ነገር አሉ። መልስ እንደሚሰማ ሰው ትንሽ ጠብቀው ፍርስ ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ራበኝ አሉ።

ሁለት እንቁላልና ድንቹን ሙልጭ አድርገው በሉ። ካሪን ስትመለስ ባዶውን ሳህን አይታ አቀፈችኝ፤ አለቀሰችም። ምን እንዳደረግን ግን አልነገርናትም።

አሁን ቤቴ ነኝ። ክንዴ እስካሁን ይሞቀኛል። መፍራት ነበረብኝ፤ እፈራለሁም። ነገም ጎትቺ ቢሉኝ ግን እምቢ አልልም።