አፈሩ ይሸት ነበር

ውድ እህቴ፣

ስልኬን እንደማታነሺ ስለገባኝ ነው የምጽፍልሽ። ሳታነቢ እንዳትቀድጂው፤ አጭር ነው።

የዛሬ አምስት ሳምንት የካሮት ዘር ይዘሽልኝ መጣሽ። ጓሮዬ ውስጥ አዲስ የአትክልት መደብ እንዳዘጋጀሁ በስልክ ጉራዬን ስነዛብሽ ሰንብቼ ነበር። ገና መደቡን የሸፈንኩበትን ላስቲክ ስገልጠው በሻርፕሽ አፍንጫሽን ያዝሽና «ምን ቀብረህበት ነው? የተበላሸ እንቁላል እኮ ነው የሚሸተው» አልሽ። እኔም ጎንበስ ብዬ በረጅሙ ሳብኩና «ምንም አይሸትም» አልኩሽ።

«ትቀልዳለህ? ግቢው ሁሉ ሸቷል።»

«ነገር ፍለጋ ነው የመጣሽው? በዚህ አመልሽ ነው ባልሽም ጥሎሽ የሄደው።»

ዘሩን መስኮቱ ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። በሩን እንኳ ቀስ ብለሽ ነው የዘጋሽው፤ ብታላትሚው ይሻለኝ ነበር።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ማሽተት ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ከዚያ ከባድ ጉንፋን ስነሳ አፍንጫዬ አብሮኝ አልተነሳም። ሆስፒታል ውስጥ ለሕሙማን የሚያበስል ሰው ይህን ለማን ይናገራል? ሽንኩርቱን በቀለሙ፣ ዘይቱን በድምፁ፣ ሾርባውን በሰዓት እየለካሁ ስሸውድ ከረምኩ። ሰው «ሽታው ሲያስጎመጅ» ሲል «አይደል?» እላለሁ። ያን ቀን «ይሸታል» ስትዪ የተያዝኩ መሰለኝ። ስደነግጥ ደግሞ ምላሴን እንደማልገዛው ታውቂያለሽ። ባልሽ የሄደው በአመልሽ አይደለም። አንቺን ለማቁሰል ስል ብቻ ነው የተናገርኩት፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

እንደሄድሽ ጎረቤቴን፣ ጡረታ የወጡትን አትክልተኛ፣ ጠራኋቸው። አፍንጫቸውን ይዘው «ልጄ፣ ይህን ታቅፈህ ነው እንዴ የምትተኛው?» አሉኝ። ለካ ከሥራ ቦታ ያመጣሁትን ጥሬ ልጣጭ በባልዲ በባልዲ ቀብሬ፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጥቼ፣ ላስቲክ ስደፋበት አፈሩ ታፍኖ ነው የበሰበሰው። እሳቸው እንዳሉኝ አገላብጬ ለፀሐይ አሰጣሁት፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርኩለት፣ ደረቅ ቅጠል ቀላቀልኩበት። በየሦስት ቀኑ እንደገና እገለብጠዋለሁ። ወገቤ አልቋል።

ባለፈው ሳምንት የተበላሸ ወተት ለሕፃናት ክፍል ልልክ ስል ሳህን አጣቢዋ አሽትታ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ወይ መዘናጋት» ብዬ በሳቅ አለፍኩት። ሕፃናቱ ቢጠጡት ኖሮስ? ነገ ጠዋት ለወጥ ቤቱ ኃላፊ እነግራታለሁ። ብታሰናብተኝም አልፈርድባትም። ከእሷ በፊት ግን አንቺ ማወቅ ነበረብሽ፤ የተጎዳሽው አንቺ ነሽና።

ጎረቤቴ አፈሩ ድኗል ይላሉ። ስለፋ እያዩ አዝነውልኝ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ? ከልጅነታችን ጀምሮ ሳትፈሪ ፊት ለፊት የምትነግሪኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ይቅር በይኝ። ሥራ ቢኖረኝም ባይኖረኝም ቅዳሜ ቤት ነኝ። ነይና አሽቺልኝ። አንቺ ይሸታል ካልሽ ይሸታል።

ታላቅ ወንድምሽ