ለሙት ልጅ የተሰጠች ላም

ሄዘርፊልድ፣ ማሳቹሴትስ
ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን

ለክቡር ሚስተር ቻንድለር ስቶዳርድ፣
የሄዘርፊልድ ቀደምት ሰፋሪዎች ዘሮች ማኅበር የትውልድ መርማሪ፣ የአሮጌው መካነ መቃብር የበላይ ጠባቂ፣ እንዲሁም የተወለደውን ካልተወለደው ለመለየት ሥልጣን ለተሰጠዎት፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎን እንደሚያምዎት ሰምቻለሁና በዚህ እርጥበት ወራት እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልዎ፤ ባለቤትዎም፣ ያ የሚያኮርፈው ውሻዎም ደኅና እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። እኔም ደኅና ነኝ እንዳልል፣ ባለፈው ወር በላኩልኝ ውሳኔ መሠረት የዘር ሐረጌ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለ ተቋረጠ፣ ያልተወለደ ሰው ስለ ጤንነቱ ቢያወራ ደንብ መጣስ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ በፖስታ የላክሁልዎ ሁሉ «ደርሶናል» ከምትል ካርድ በቀር መልስ ስላላመጣልኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶቻችን በአጭሩ ላስረዳ። ወንድሜ ዋረን ታርቤል በመጋቢት አረፈ። መሬቱ በውርጭ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለ ነበር፣ እንደ አገራችን ልማድ ሬሳው በማቆያው ቤት ከርሞ አፈሩ ሲላላ በግንቦት ተቀበረ። የተቀበረውም በአሮጌው መካነ መቃብር፣ የከተማችን መሥራቾች ባረፉበት በሜፕል ዛፎቹ ሥር ነው፤ ቦታው የማኅበሩ ስለሆነ ከመሥራቾቹ መወለዱን ማኅበሩ ያጸደቀለት ሰው ብቻ ይገባበታል። ለዋረን ከአርባ ዓመት በፊት ጸድቆለታል። እኔ ያን ጊዜ ባል አግብቼ ሜይን ክፍለ ግዛት ነበርሁ። ባሌ አመዱ ባሕር ላይ እንዲበተን ተናዝዞ ስለ ሞተ፣ ሄጄ አጠገቡ የምቀመጥበት መቃብር እንኳ የለኝም፤ ልጅም አልወለድንም። ስለዚህ ወደ ወላጆቼ ቤት ተመልሼ ከዋረን ጋር ሃያ ዓመት ያህል ኖርሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ስሞት ከወንድሜ ጎን ልተኛ። ቦታው አለ፣ ሰውም የለበትም።

በቀብሩ ዕለት ይህንኑ ስነግርዎ ባርኔጣዎን አውልቀው፣ እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ «እንዴታ ወይዘሮ ኮርኔሊያ፤ ማመልከቻ ቢጤ ይሙሉልን እንጂ፣ ለደንቡ ያህል ነው» ብለውኝ ነበር። ለዚያ ቸርነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በዚያ ቀን የሚያስፈልገኝ ውሸት እርሱ ነበር።

አንደኛ፤ የቅድመ አያቴን ቅድመ አያት መርዶ ስላመጡልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሚሂታብል ክራፍት፣ የመሥራቹ የኤቤነዘር ክራፍት ልጅ፣ ጆናታን ታርቤል የሚባል ከሌላ ከተማ የመጣ ጫማ ሰፊ አግብታ ዘጠኝ ልጅ እንደ ወለደች እኛ ቤት ሲነገር ሰምተን አድገናል። እርስዎ ግን የከተማውን መዝገብ ገልጠው፣ የኤቤነዘር ልጅ ሚሂታብል ያ የጉሮሮ በሽታ በገባበት ክረምት በአራት ዓመቷ መሞቷን አረጋገጡ። እውነት ነው፣ ሞታለች፤ ድንጋይዋም ከወንድሜ መቃብር ብዙ ሳይርቅ ቆሟል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ልጅ ሲሞት ስሙ አብሮት አፈር እንዳይገባ ተከትሎ ለሚወለደው ይሰጥ እንደ ነበር፣ በማግስቱ ዓመት የተወለደችውም ልጅ የሟች እህቷን ስም እንደ ወረሰች እንዴት ይጠፋዎታል? ሦስት ወንድማማቾች ሳሙኤል ተብለው በአንድ ረድፍ በተቀበሩበት ቦታ ቆመው፣ እርስዎ ራስዎ በየበጋው ይህንኑ ልማድ ለጎብኚዎች ሲያስረዱ ከኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ እንደውም ሰው ያስለቅሱ ነበር። የሁለተኛዋ ልደት አልተመዘገበም ነው የሚሉኝ። አዎን አልተመዘገበም፤ የመንደሩ ጸሐፊ በዚያው በሽታ ሞቶ ማን ይመዝግባት? እናንተ ግን የአንደኛዋን ሞት ለሁለተኛዋ አሸከማችኋት፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። በአራት ዓመቷ የሞተች ሕፃን ዘጠኝ ልጅ እንዴት እንደ ወለደች ማኅበርዎ ጥናቱን ሲጨርስ እንደሚያሳትመው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ላሟ። ኤቤነዘር ሽማግሌ ሆኖ፣ ሕፃኗ ከተቀበረች ከብዙ ዘመን በኋላ ሲናዘዝ፣ ለልጁ ለሚሂታብል ቀዩዋን ላምና የላባ ፍራሹን ሰጥቷል። ኑዛዜውን ግልባጭ አድርጌ ላክሁልዎ። የጉባኤዎም መልስ፣ ሽማግሌው በኀዘን ብዛት አእምሮው ደክሞ የሞተችውን ልጁን አስቦ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። እንዲህ ያለ አባት አንጀት ይበላል! ፍራሹስ ይሁን፤ ላሟን ግን ማን ሲያልባት ኖረ? የቤተሰባችንን መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ብመጣ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለቱም ሚሂታብሎች ከነልደታቸው ተጽፈው ብታዩ፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ቆይቶ የተጻፈ ነው ብላችሁ መለሳችሁልኝ። ያንኑ ገጽ ከእርስዎ በፊት የነበሩት መርማሪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ፊቢ ክሮስቢ፣ ለዋረን በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አይተው፣ የፖም ኬክ ቆርሰው አጉርሰውት አጽድቀውለታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ያየሁት ግን በእናንተ ጉባኤ ነው።

ሦስተኛ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስለ ተደረገልኝ ችሎት። አምስት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ እኔን አቁማችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ አልቀየምሁም፤ ወንበሮቹ ለአባላት ብቻ መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር። ከአምስታችሁ አንዷ በርታ ሎቬል ናት። በርታ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተምራለች፤ እናቷ ሆስፒታል በከረመችበት ዓመት እናቴ ጠዋት ጠዋት የሁለታችንንም ጸጉር ጎንጉና ነበር ትምህርት ቤት የምትልከን። ድምፅ ተሰጥቶ ከተሸነፍሁ በኋላ ደረጃው ሥር ጠብቃኝ፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣ «ኮርኒ፣ እኔማ አውቅሻለሁ። ግን የኔ ማወቅ ማስረጃ አይሆንም አሉኝ» አለችኝ። አልፈረድሁባትም። ከዚያ ወዲህ ግን መንገድ ላይ ስታየኝ ያገኘችው ሱቅ ውስጥ ትገባለች፤ ባለፈው ሳምንት የዓሣ ማጥመጃ መሸጫ ገባች፣ በርታ ደግሞ ዓሣ ትፈራለች። በዚህች ከተማ የእናቴን እጅ የሚያስታውስ ከእርሷ በቀር አልቀረም ነበር። እርሷንም ስለ ወሰዳችሁብኝ ማኅበሩን ላመሰግን እወዳለሁ።

ምናልባት ይህች አሮጊት ለአንድ ክንድ መሬት ምን እንዲህ አስለፈለፋት ይሉ ይሆናል። እኔና ዋረን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በየመንደሩ ያለውን አሮጌ መቃብር እንዞር ነበር። የቆየ ድንጋይ ጽሑፉ ተበልቶ እንዲሁ አይነበብም፤ አንድ ሰው በትልቅ መስታወት ፀሐይዋን ተቀብሎ በጎን ሲያበራበት ነው ፊደሉ ብቅ የሚለው። ዋረን መስታወቱን ይይዛል፣ እኔ አነባለሁ። ያነበብሁትን ስም ጮክ ብዬ ስጠራ፣ «እንደምን ሰነበቱ» እያለ ባርኔጣውን ያነሣላቸው ነበር። በዚህ በጋ ብቻዬን ሞከርሁት፤ መስታወቱን ስይዝ ፊደሉ ይርቀኛል፣ ፊደሉ ጋ ስጠጋ ብርሃኑ ይሄዳል። ወደ መዛግብት ቤት መሄዱንም አላቆምሁም። ባለፈው ወር የጆናታን ታርቤልን እናት አገኘኋት፤ ስንት ዓመት የፈለግናት ሴት ናት። ተነሥቼ ዙሪያዬን አየሁ፣ አንድ ልጅ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላ ሰው የለም። የሞተ ሰው ሳገኝ የምነግረው ሕያው ሰው የለኝም። ብቻዬን ነኝ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በጋዜጣ መጻፍ ነውር ከሆነ ነውሩን ችዬዋለሁ።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ይግባኝ ስላልሁ፣ ጉባኤው አሠራሩ ወጥ እንዲሆን በሚል የወንድሜንም ዘር እንደገና ሊመረምር ወሰነ። ምርመራው እስኪያልቅም ከራስጌው የማኅበሩን የነሐስ ምልክት ነቅላችሁ ወሰዳችሁ። ማንም አልነገረኝም፤ እሑድ አበባ ይዤ ስሄድ ያገኘሁት ቀዳዳውን ነው። ዋረን ያችን ምልክት በሕይወቱ ሳለ ጋራዥ ውስጥ ሰቅሏት በጨርቅ ይወለውላት ነበር፤ እኔ ስስቅበት እርሱም ይስቃል፣ መወልወሉን ግን አይተውም። አንድ እናት የወለደችንን ሁለት ልጆች አንዱን ዘር፣ አንዷን ባይተዋር አድርጋችሁ ነበርና፣ እንዲህ እኩል ስላደረጋችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ ልግባ ብዬ ለመንሁ እንጂ እርሱን አስወጡት አላልሁም።

ሰኞ ዕለት ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። እንደ ልማዴ ሁሉንም ይዤ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ኑዛዜውን፣ የልደት የጋብቻ ወረቀቱን፣ በሁለት ቦርሳ። ጸሐፊው ዴል ኦኪፍ ይባላል፤ አያቱ ከአየርላንድ በመርከብ የመጡ ናቸው፤ እናንተ ጋ ቢያመለክት ከደጃፍ አያልፍም። አጽም ለማዛወር ፈቃድ እንደምፈልግ ነገርሁት።

«ሟቹ ምንዎት ናቸው?» አለኝ።

«ወንድሜ ነው።»

«እሺ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ፈርሜ ቦርሳዬን መክፈት ጀመርሁ። ከየትኛው እንደምጀምር ስጠይቀው ግራ ገብቶት አየኝና፣ «ምንም አያስፈልግም፤ እህቱ ነኝ አሉኝ አይደል?» አለኝ። እዚያው መስኮቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። በወንድሜ ቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም።

እንግዲህ በመጪው ሳምንት ዋረን ከእናንተ ዘንድ ይወጣል። የሚሄደው ከእሳት አደጋ ጣቢያው በስተጀርባ ወዳለው የከተማው መቃብር ነው፤ ሜፕል የለውም፣ መኪና ይሰማበታል፣ በአንድ በኩል ፖርቱጋሎቹ፣ በሌላው ሥጋ ሻጩ ሚስተር ቮይችክ ተኝተዋል። ወንድሜ በእናንተ ስብሰባ ላይ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ በሚስተር ቮይችክ ሱቅ ግን ቋሊማ ሊገዛ ገብቶ ዓይኑ እስኪያለቅስ ስቆ ይመለስ ነበር። ሁለት ቦታ ጎን ለጎን ወስጃለሁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነውና፣ ጊዜዬ ሲደርስ እዚያ ማንም ዘሬን አይጠይቀኝም። ከሜፕሉ ሥር የነበረውን ቦታ ለእናንተ ትቻለሁ፤ አሁን ለሁለት ሰው ይበቃል።

ከአራት ዓመት ሕፃን በተአምር የተገኘሁ፣ በላሟ ወተት ካደጉት ከዘጠኙ ልጆች ዘር የተወለድሁ፣ የደንባችሁን ጥብቀት ሳደንቅ የምኖር፣ ለማኅበሩም ረጅም ዕድሜ፣ ለአባላቱም ብዙ ዘመድ የምመኝ፣ የዋረን ታርቤል እህት፣

ኮርኔሊያ ታርቤል ሆይት

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ውሳኔዎን የዘጉት እውነተኞቹን ቅድመ አያቶቼን ፈልጌ ለማግኘት መልካም ዕድል ተመኝተውልኝ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰባ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፣ ሐኪሙም ልቤን አልወደደውም፤ ስለዚህ በቅርቡ በአካል አገኛቸዋለሁ። ከእናንተ መካከል የትኞቻችሁን እንደሚያውቁ ጠይቄ ብልክልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ጉባኤው የዘመድ ምስክርነት አይቀበልም።