ናሙናቸውን አውጥተው መድኃኒት ያስቀመጡት የወ/ሮ ኑርሀያት ኸሚስ ኅልፈት

የአርዲቦ በግ ጥናት ጣቢያ የላቦራቶሪ ኃላፊ ወ/ሮ ኑርሀያት ኸሚስ ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ39 ዓመታቸው በጥይት ተመተው አርፈዋል። መንገድና ስልክ ተቋርጦ ስለነበር መርዶውን ለሠራተኞቻችን፣ ለአርቢዎችና ለሕዝብ የምናሰማው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሐዘናችን ከባድ ነው።

ወ/ሮ ኑርሀያት ሐይቅ ከተማ ተወልደው ያደጉ ሲሆን በ1999 ዓ.ም. በቴክኒሻንነት ጣቢያውን ተቀላቅለዋል።

በ2010 ዓ.ም. የበጎችን የደም ፕሮቲን ዓይነት ከመውለድ ብቃታቸው ጋር የሚያነጻጽረውን ጥናት ጀመሩ። የለውጡ ሰሞን መንገድ በተዘጋ ቁጥር የናሙና ሣጥናቸውን ተሸክመው ከሐይቅ እስከ አምባሰል መንደሮች በእግር እየሄዱ ከ212 እናት በጎች ደም ቀድተዋል።

በ2012 ዓ.ም. አንደኛው የሄሞግሎቢን (የደም ፕሮቲን) ዓይነት ያላቸው በጎች መንታ የሚወልዱ መሰለ። ወሬው ውጫሌ ገበያ ሲደርስ አርቢዎች ሌሎቹን በጎች ለመሸጥ ተነሡ። ወ/ሮ ኑርሀያት ገበያው ድረስ ሄደው «የአንድ ዙር ውልደት አይበቃም፤ አትሽጡ» ብለው ለመኑ። ብዙዎች ተቆጧቸው። በ2013 ዓ.ም. በሁለተኛው ዙር ልዩነቱ ጠበበ፤ የራሳቸውን የመጀመሪያ ውጤት የሚያጠራጥረውን ሪፖርት ያቀረቡትም እርሳቸው ናቸው። ቁርጡን ይለያል የተባለው የሦስተኛው ዙር ናሙና በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ የጣቢያው አስተዳደር ስልክ ከመቋረጡ በፊት ያስተላለፈው የመጨረሻ ትእዛዝ «ከሁሉ በፊት ናሙናው ይጠበቅ» የሚል ነበር። መብራት ጠፋ። ጣቢያው ትንሽ ጄኔሬተርና ሁለት ጀሪካን ነዳጅ ብቻ ቀረው። በዚያው ሳምንት ኢንሱሊን የሚወጉ አሥራ አንድ ሰዎች መድኃኒታቸውን የሚያኖሩበት አጥተው በራችንን አንኳኩ። መድኃኒቱ ይቀዘቅዛል እንጂ በረዶ መሆን የለበትም፤ ናሙናው ደግሞ በረዶ ካልሆነ ይበላሻል። ያለው ማቀዝቀዣ አንድ ነው።

አብረዋቸው የቀሩት የመዝገብ ሠራተኛ ወ/ሮ ለተብርሃን አሻግሬ እንደነገሩን፣ «የአራት ዓመት ልፋትሽ እኮ ነው! ሲጠይቁሽ ምን ልትይ ነው?» ብለዋቸው ነበር። መልሳቸው፣ «ለቱዬ፣ በጎቹ እዚሁ ናቸው፣ ደሙን ደግመን እንቀዳለን። እነዚህ ሰዎች ግን ወላሂ ሌላ መሄጃ የላቸውም» የሚል ነበር። ናሙናውን አንድ በአንድ አወጡ። በቦታውም የአሥራ አንዱን ሰዎች መድኃኒት አስቀመጡ።

ኅዳር 9 ቀን ከአሥራ አንዱ አንዷ ለሆኑትና በተኩሱ ምክንያት መምጣት ላልቻሉት የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ነዋሪ ወ/ሮ ሙሚና ማህዲ መድኃኒት በእግር አደረሱ። ሲመለሱ ከየት እንደተተኮሰ ባልታወቀ ጥይት ተመቱ። የመንደሩ ሰው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ተሰብስቦ፣ በሃይማኖታቸው ሥርዓት እዚያው ቀብሯቸዋል።

አስተዳደሩ ያስተላለፈው ትእዛዝ ስሕተት እንደነበር፣ ወ/ሮ ኑርሀያትም ትእዛዙን መጣሳቸው ልክ እንደነበር በዚህ መግለጫ በይፋ ያረጋግጣል። አሥራ አንዱም ሰዎች በሕይወት አሉ። የደም ፕሮቲኑ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ጥናቱ ከጥር ጀምሮ በወ/ሮ ለተብርሃን መዝገብ ላይ ተመሥርቶ እንደገና ይጀመራል።

ጂዳ ሆነው ለሳምንታት የማይነሣ ስልክ ሲደውሉ ለቆዩት ለባለቤታቸው ለአቶ ሐቢብ ዘይኑልአቢዲን፣ ለልጃቸው ለአያት ሐቢብ፣ ለእናታቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው አላህ ሶብሩን እንዲሰጥልን፣ ለእርሳቸውም ጀነተል ፊርደውስን እንዲወፍቅልን እንለምናለን።

ወ/ሮ ሙሚና «በእኔ ሰበብ ሞተች» እያሉ ከምግብ መራቃቸውን ሰምተናል። የሟች እናት የሚከተለውን ቃል በዚህ መግለጫ እንድናደርስላቸው ጠይቀውናል፦ «ልጄ የመጣችው ወዳ ነው። መድኃኒትሽን ውጊ፣ እህልም ቅመሺ። መንገዱ በደንብ ሲከፈት መጥቼ አብረን እናለቅሳለን።»