እጅ ነስተን «እጅ ስጥ» ስላልነው እንግዳ

ሰቆጣ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ቢምረው፣ የሰቆጣ ከተማ የጃፓን ባህል አዋቂዎች ክበብ መሥራችና ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የክበብዎን አባላት ጤንነት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ወገባችሁን እንዴት ናችሁ? በየካቲት ወር አርባ አምስት ዲግሪ እንድንጎነበስ ካሠለጠናችሁን ወዲህ የሽማግሌያችን የመሪጌታ ወርቅአገኘሁ ወገብ አልተስተካከለም፤ እናንተ ግን ዘወትር የምትለማመዱት ስለሆነ ደኅና እንደምትሆኑ አምናለሁ። በዕድሜ ታናሼ ሆነው ሳለ «እርስዎ» እያልሁ የምጽፍልዎ በጃፓን እንዴት እንደሚከበሩ ስላላወቅሁ ነው፤ በዋግ እንዲህ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አቶ ቢምረው በሰቆጣ ቪዲዮ ቤት አላቸው። ጣራቸው ላይ በተከሉት ዲሽ ከዓረብ አገር የሚተላለፍ የጃፓን ካርቱን ሦስት ዓመት ከተመለከቱ በኋላ፣ የጃፓንን ባህል ጨርሰው ማወቃቸውን ለከተማው ሕዝብ አስታወቁ። (ካርቱን በማለቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ «አኒሜ ነው የሚባለው፣ ካርቱን የልጅ ነው» ብለው በሰው ፊት አርመውኛል።) ሚስተር ሞሪታ የተባሉ የውኃ ባለሙያ ጋዝጊብላ ወደሚገኘው ቀበሌያችን የጉድጓድ ቦታ ሊመርጡ እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አቶ ወልደ ጻድቅ እንግዳውን እንዳናስቀይም ፈርተው ክበቡን ምክር ጠየቁ። ክበቡም ሳያመነታ መጣ። ስለ ዋለልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ አለባበሳችሁ አመሰግናለሁ። ስምንት ጎልማሶች ጋቢያቸውን በእኅቶቻቸው መቀነት ታጥቀው፣ የእንጨት ሰይፍ በጎናቸው ሻጥ አድርገው ሲሰለፉ እናቶቻችን የማን መቀነት የማን እንደሆነ እየለዩ ውለዋል። ለእንግዳው ምሳ ሲቀርብ፣ እንደ አገራቸው ልማድ ይበሉበት ብላችሁ በክብር ያበረከታችሁላቸውን ሁለት የተጠረቡ እንጨቶችም አልረሳሁም። በጎንደር በኩል አራት ዓመት ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የኖሩት ሰውዬ እንጨቶቹን አገላብጠው አይተው፣ «መፋቂያ ነው? እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ኪሳቸው ከተቱና እጃቸውን ታጥበው እንደኛው በሉ።

2. ስለ ሰላምታው አመሰግናለሁ። እንግዳው ከመኪና ሲወርዱ ሁላችንም እንደ ታዘዝነው ወገባችንን አጥፈን እጅ ነሣን፤ እርስዎም ከሰልፉ ፊት ሆነው በታላቅ ድምፅ «ኢስተስሊም» አሉ። አስቀድመው እንደ ገለጹልን ይህ የጃፓን ጀግኖች ሲገናኙ የሚለዋወጡት የክብር ቃል ነው። ስድስት ዓመት ቤይሩት ሠርታ የተመለሰችው ጎረቤቴ ባንቺ ግን ከኋላዬ ሆና በነጠላዋ አፏን ሸፈነችና፣ «ዓረብኛ እኮ ነው። እጅህን ስጥ ነው ያለው» አለች። ካርቱኑን የጃፓን ሰዎች ይሣሉት እንጂ ወደ እርስዎ የደረሰው በዓረብኛ ተተርጉሞ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠኑትም ጃፓንኛ ዓረብኛ ነው። በዚህ መሠረት ለእንግዳችን እጅ እየነሣን እጅ ስጥ ያልን የመጀመሪያው ሕዝብ ሳንሆን አንቀርም። እንግዳው አልሰጡም። ቀኝ ክንዳቸውን በግራቸው ደግፈው መሪጌታን ጨበጡና «ጤና ይስጥልኝ አባቴ፤ እንዴት ከረሙ?» አሉ።

3. ስለ ትርጉም ሥራዎ አመሰግናለሁ። እንግዳው ከመንገዱ ዳር ያለው ምንጭ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ማን እንደሚባል ጠይቀው ጻፉና ትርጉሙን እንዲነግሯቸው ወደ እርስዎ ዞሩ፤ እርስዎም «የባላገር ስም ነው፣ ትርጉም የለውም» አሉ። ትርጉሙ «የክረምት ውኃ» ነው። በቤታቸው አማርኛ የማይናገሩት የገዛ አያትዎ ይነግሩዎት ነበር፤ ግን ዲሽ የላቸውም።

4. ከሁሉ በላይ ዝም ስላሰኛችሁን አመሰግናለሁ። መሪጌታ በዚያ አካባቢ የቱ ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚጎድል የሚያውቁ ሰው ናቸው። እርስዎ ግን በጃፓን ባህል ሽማግሌ ለእንግዳ በቃል መመለሱ ነውር መሆኑን፣ መጎንበስ ብቻ እንደሚገባ ነገሯቸው። «ሰውዬው አማርኛ ይናገራሉ እኮ» ሲሉዎት፣ «ትሕትናችሁን ሊፈትኑ ነው» ብለው መለሱላቸው። እንግዳውም በዚያው በመንገዱ ዳር ምንጭ ላይ ቆመው «ይህ ውኃ በግንቦትም ይኖራል?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ጎነበሱ። አቶ ወልደ ጻድቅ ጎነበሱ። እኔም ጎንበስ ብያለሁ፤ ይህን የማልክደው ነው። እንግዳው ስንጎነበስ ራሳችንን በአዎንታ የነቀነቅን መስሏቸው ማስታወሻቸው ላይ «አዎ» ብለው ጻፉ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ውኃው ከሥር ስለሆነ ደንገሉ እስከ ሰኔ የማይጠወልግበት ቦታ፣ ከዚያ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ማንም አላሳያቸውም።

መቆፈሪያው መኪና በሚያዝያ መጥቶ መንገዱ ዳር ሰባ ሜትር ወረደ። ሰባውም ሜትር አቧራ ነበር። ቧንቧውን ከድነውበት ሄዱ፤ መኪናውም ወደ ሌላ ወረዳ ተሻገረ። ባንቺ ዛሬም በጋ በመጣ ቁጥር ቢጫ ጀሪካኗን አዝላ ሁለት ሰዓት ቁልቁል ወርዳ፣ ሦስት ሰዓት ሽቅብ ትወጣለች። እርስዎን ስታነሳ የምትናገረው ዓረብኛ ግን ለጋዜጣ የሚሆን አይደለም።

ሚስተር ሞሪታ በሐምሌ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። መሪጌታን ቤታቸው ድረስ ሄደው «አባቴ፣ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?» አሏቸው። መሪጌታም «ባህልዎን እንዳልደፍር ተመክሬ ነው» አሉ። ሰውዬውም «የእኔም አባት ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። አንድ መንደር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሽማግሌውን ነበር» አሉ። የጃፓንን ባህል በተመለከተ ከአንድ ጃፓናዊ አፍ የሰማነው ይኸው ነው፤ ከክበብዎ ትምህርት ጋር ስላልተስማማ ምናልባት ሰውዬው ተሳስተው ይሆናል።

ያ መኪና አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመለስልን ሚስተር ሞሪታ ለምነው ተፈቅዶላቸዋል። በጥቅምት 12 ቦታውን እንደገና ያያሉ። ሁለተኛ ከተሳሳተ ሦስተኛ የለም። በቪዲዮ ቤትዎ በር ላይ የለጠፉትን፣ ክበቡ ለዚያ ቀን «ከበፊቱ የላቀ» አቀባበል ማዘጋጀቱን የሚያበስረውን ማስታወቂያም አንብቤአለሁ። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፣ በዚያ ቀን የክበቡ አባላት በሙሉ ሰቆጣ ተቀምጠው ካርቱናቸውን እንዲመለከቱ ነው። የሚከፈትበትን ሰዓት ባላውቅም ከጧት እስከ ማታ እንዲሆን እመኛለሁ። መቀነቶቹንም ለባለቤቶቻቸው ቢመልሱ መልካም ነው።

ጥልቅ ዕውቀትዎን ከሩቅ ማድነቅ የሚሻና ሩቁ ሁልጊዜ ሩቅ እንዲሆን የሚጸልይ ወገንዎ፣

የኔሰው፣ ከጋዝጊብላ

በኅዳግ፦ መሪጌታ ለጥቅምት 12 እንዲዘጋጁ ነግሬአቸው፣ «ለመናገር ምን ዝግጅት ያስፈልገኛል?» ብለውኛል። ባንቺ ደግሞ በዕለቱ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። መቀነት የታጠቀ ወንድ ካየች የምትለውን ቃል በትክክለኛ አነጋገሩ አስጠንታኛለች፤ ትርጉሙንም አሁን ስለምናውቀው ሳንግባባ አንቀርም፦ ኢስተስሊም።