ለአማቴ አፍንጫ የምስክር ወረቀት ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የመሬት ውስጥ ነዳጅ ማጠራቀሚያዎች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የአፍንጫዎን ደኅንነት አጥብቄ እየተመኘሁ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ካለችው ልብስ ማጠቢያ ቤታችን የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኛ በእርስዎ ጥበቃ ሥር፣ የጉድጓድ ውሃችን ቤንዚን ቤንዚን ከማለቱ በስተቀር፣ እጅግ ደኅና ነን።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ማደያው ግቢ ውስጥ ትልቅ የነዳጅ ታንክ ተቀብሯል፤ ታንኩ ሲያፈስ ቀይ መብራት እያበራ የሚጮኽ ጠቋሚ መሣሪያም ቢሮው ግድግዳ ላይ አለ። መሣሪያው በትክክል ይሠራል ብሎ የሚመሰክረው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. መሣሪያው ከጥቂት ወራት በፊት ያለ ፋታ መጮኽ ጀምሮ ነበር። ነዳጅ ቀጂዎቹ “አልቃሻው” የሚል ስም አወጡለት፤ ባለማደያው ደግሞ ደንበኛ አሸሸብኝ ብለው የጩኸቱን ሽቦ አስነቀሉት። መርማሪዎ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ላይ እንደቆሙ ይጮኻል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ቀጂውም አሁንስ ተመስገን ዝም ብሏል ሲል በቅንነት መለሰላቸው። ዝም ያለ መሣሪያ የሚያመው ነገር እንደሌለ በዚያው ተረጋግጦ ምስክር ወረቀቱ ተሰጠ። እኔ ልጆቼ ዝም ሲሉ ነበር ምን እያጠፉ ይሆን ብዬ ሮጬ የማያቸው፤ ለካ በከንቱ ስደክም ኖሬያለሁ።

2. ደንባችሁ ምስክር ወረቀቱ መሣሪያው ዘንድ በግልጽ እንዲሰቀል ያዛል። ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር ግን አንድ ብቻ፣ እሱም ልክ ከመሣሪያው በላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በሚያምር ፍሬም ሆኖ ቀዩ መብራት ላይ ተንጠልጥሏል። የቀጂዎቹን ቱታ ላደርስ ስገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማኅተምዎ ከኋላው በቀይ ብርሃን ቦግ ሲል እንዴት እንደሚያምር ልነግርዎ አልችልም።

3. ጎረቤታችን ብረት በያጁ የታጠበ ቱታውን አሽትቶ፣ እህቴ፣ እኔ እኮ እሳት ይዤ ነው የምውለው፣ ቆሽሾ ይሻለኛል ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። ሥራ በዝቶብን ነበርና ስላቀለሉልን እናመሰግናለን።

4. የውሃውን ሽታ ከሁላችን ቀድመው የደረሱበት አማቴ ናቸው። አቤት ለማለት መሥሪያ ቤትዎ ድረስ ቢመጡም፣ ጸሐፊዎ ፍሳሽ መኖሩን መናገር የሚችለው የተመሰከረለት መሣሪያ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረድታ ሸኝታቸዋለች። አማቴ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። ባለቤቴ ጎረምሳ ሳለ ተደብቆ ያጨሰውን ሲጋራ ገና ከአጥር ውጭ ሳለ ያጋልጥ የነበረ አፍንጫ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ስለዚህ የአማቴ አፍንጫ ተመርምሮ ሕጋዊ ጠቋሚ መሣሪያ ተብሎ እንዲመዘገብልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ሽቦ ስለሌለው አይነቀልም፤ ዝም በል ቢሉትም አይሰማም፣ ይህን ምራታቸው ሆኜ እመሰክራለሁ። ምስክር ወረቀቱን ብቻ አደራ ፊታቸው ላይ እንዳትሰቅሉባቸው።

ቀልዱን ለአንድ አፍታ ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ልጆቼ ሲጠጡ የኖሩት ከዚሁ ጉድጓድ ነው። ዛሬ የሚጠጣውን በጀሪካን ከሩቅ እናመጣለን፤ ለእጥበት ግን ሌላ ውሃ የለንም። የምለምንዎ አንድ ሰው ልከው ያንን ፍሬም ገለጥ አድርጎ ከጀርባው ያለውን እንዲያይ ብቻ ነው።

ባልዲ ባነሣሁ ቁጥር ስምዎን የማነሣ፣ ጤናዎን ከልብ፣ ዝምታዎን ደግሞ በግድ የማከብር፣

ከማደያው ጀርባ ያለችው ልብስ አጣቢ

ሳልረሳው፦ ሹፌርዎ ያመጧቸው ነጫጭ ሸሚዞችዎ በዚሁ ውሃ ታጥበውና ተተኩሰው ተዘጋጅተዋል። በመሥሪያ ቤትዎ ምርመራ መሠረት ምንም አይሸቱም። ስብሰባ ላይ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው አፍንጫውን ቢይዝ ግን አይጨነቁ፤ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ የደረት ኪስዎ ውስጥ አድርገንልዎታልና አውጥተው ያሳዩት።