አባባን ጭላሎ ላይ ትተህ የወረድክ ዕለት

ለወንድሜ ለሙንተሲር አብዶ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታ ያስቀደምኩት የአላህ ትእዛዝ ስለሆነ ነው እንጂ ከልቤ ወጥቶ አይደለም። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቢናስ ደህና ናት? ኢርሻድና ትንሿ ሲፈን እንዴት ናቸው? የጅዳው ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ገብቶ አሰላ ጭቃና ጉም ብቻ ሆናለች፤ የኢተያ ስንዴ ግን ዘንድሮ ያምራል እየተባለ ነው። የአክስታችን የፋጡ ወገብ ትንሽ ተሽሏታል። ስደውልልህ ስለምትዘጋብኝ ይሄን ደብዳቤ ለዑምራ በምትመጣው በጎረቤታችን በናኢማ እጅ ልኬዋለሁ። ወረቀት አይዘጋም፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ባለፈው ሳምንት የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። በመስከረም ከጓደኞችህ ጋር መጥተህ እንደገና ጭላሎ ልትወጣ፣ እኔ ደግሞ ፈረስ ተነጋግሬ ልጠብቅህ ነው አሉ። «አባባን ግን እቤት አቆዪልኝ፤ እንደ ባለፈው ጠፍተው እንዳያስቸግሩን» ብለሃል። ሙንተሲር፣ አባባ አልጠፉም። አንተ ድሮም ታውቃለህ፤ አሁን እኔም አውቄያለሁ።

በሰኔ መጀመሪያ የትምህርት ቤታችንን የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች ይዤ የጭላሎን ፓርክ ለማስጎብኘት ወጥቼ ነበር። ተማሪዎቹ አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት የደጋ አጋዘን ከሩቅ አይተው ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ባጫ የሚባል የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ጠጋ ብሎ ስሜን ጠየቀኝ። ፈይሩዛ አብዶ ስለው፣ «የሐጂ አብዶ ልጅ ነሽ? እኚያ ድንጋዩ ላይ የቆዩት አባት ተሻላቸው?» አለኝ። እኔም አንተ የነገርከንን ነገርኩት፤ አእምሯቸው እየሳተ ነው፣ ያን ቀንም ተነስተው ጠፍተው ነው አልኩት። ባጫ ግን «ማነው ጠፉ ያለሽ?» አለ።

ወስዶ ድንጋዩን አሳየኝ። ከመንገዱ ዳር ያለ፣ ነፋስ ከየአቅጣጫው የሚመታው ጠባብ ድንጋይ ነው። ለረመዳን ዒድ በመጣህ ሰሞን፣ ያን ሐሙስ፣ ባጫ መግቢያው ላይ «ከቀትር በኋላ ጉም ይወርዳል፤ ያለ ስካውት አትውጡ» ሲልህ «የተወለድኩበት ተራራ ነው፤ መንገድ መሪ አያስፈልገኝም» ብለኸዋል። ከዚያ አባባን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥክ። አጋዘን ቪዲዮ ቀርጸን በግማሽ ሰዓት እንመለሳለን፣ ከዚህ እንዳይነሱ ብለህ ከሁለቱ ጓደኞችህ ጋር ሸንተረሩን ተሻገርክ። ጉሙ ወርዶ በረዶው ሲጀምር ግን በዚያው በኩል በአቋራጭ ወደ መኪናው ወረዳችሁ።

ባጫ ዙሩን ሲዞር አባባን እዚያው ተቀምጠው አገኛቸው። ጋቢያቸው ርሶ ከሰውነታቸው ተጣብቋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሦስት ሰዓት ሙሉ! «አባቴ፣ ይነሱ እንውረድ» ቢላቸው እምቢ አሉት። «ልጄ እዚህ ጠብቀኝ ብሎኛል። ከተነሳሁ ሲመለስ ያጣኛል፤ ይደነግጣል» አሉት። ባጫ ይሄን በኦሮምኛ ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በግድ ፈረሱ ላይ ጭኖ ሲያወርዳቸው እናንተ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍታችሁ ተቀምጣችኋል። «ዝናቡ እስኪያባራ ብለን ነው» አልከው።

መፍራትህን ይቅር ማለት እችል ነበር። ጉም ማንንም ያስፈራል። ይቅር የማልልህ እቤት ገብተህ ያደረግከውን ነው። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ እሳቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው እየሰሙ፣ «እርጅና ክፉ ነው፤ ቆዩ ብያቸው ተነስተው ሄዱ፤ አሁንማ አእምሯቸውም እየጠፋ ነው» አልክ። አባባ ቀና ብለው አዩህና መልሰው አቀረቀሩ። አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ሞኟ ያን ዝምታ የበሽታው ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። አንተ በሁለተኛው ቀን አውሮፕላንህን ያዝክ፤ እሳቸው ሳንባ ምች ይዟቸው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ።

አንተ ሄድክ፤ ወሬህ ግን እዚሁ ቀረ። አባባ አርባ ዓመት ሰው ያስታረቁ፣ ከጢቾና ከጮሌ ድረስ «ሐጂ ይፍረዱን» እየተባለ የሚመጣባቸው ሽማግሌ ናቸው። አእምሮው ጠፋ በተባለ ሰው ፊት ማን ነገሩን ያቀርባል? በግንቦት ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች በድንበር ተጣልተው ከኢተያ መጡ፤ በራችንን አልፈው ሌላ ሽማግሌ ቤት ገቡ። አባባ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩአቸው አይቻለሁ። በቁማቸው ቀበርካቸው፤ እኔም አፈር መለስኩባቸው። ክብሪት ደበቅኩባቸው፣ የግቢውን በር ቆለፍኩባቸው፣ መስጊድ ሲሄዱ እንደ ሕፃን እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። አንተን አምኜ!

ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ባጫን በቀጣዩ ጁምዓ ከተራራው አመጣሁት። ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹን ግቢያችን ጠራሁ፤ ባጫም ያየውን አንድ በአንድ ተናገረ። አባባ ግን ከዘራቸውን ይዘው ተነሱና «ማን ላከሽ? ልጄን አደባባይ ላይ አዋረድሽው» ብለውኝ ወደ ውስጥ ገቡ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መጥተው ይቅርታ ጠይቀው ለዚያው ገና ላልተፈታው ለወንድማማቾቹ ጉዳይ ወሰዷቸው። ማንም ሳይደግፋቸው ተራምደው ሄዱ። እኔን ግን ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነ፣ አያናግሩኝም። ከመግሪብ በኋላ አንዲት ቃል ብቻ ይጠይቁኛል፤ «ደወለ?» ይላሉ። አልደወለም እላቸዋለሁ።

ስለዚህ ፈረስ አላዘጋጅልህም። ጓደኞችህን አስከትለህ ይሄን በር እንዳታንኳኳ። ብቻህን ና፣ እነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ቁምና የዋሸሁት እኔ ነኝ በል። ይሄን ካላልክ እህት አለችኝ አትበል።

ለሙቢና ሰላምታዬን ንገራት፤ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። ኢርሻድንና ሲፈንን በአክስታቸው ስም ሳምልኝ። አክስታችን ፋጡ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ለአንተ የጨመረችው ቃል አለ፣ እሱን ሆድ ይፍጀው። የአባባን ሰላምታ ግን አልላክሁልህም። መጻፌን አያውቁም። እሱን ከፈለግክ ደውለህ ከራሳቸው አፍ ተቀበል።

እህትህ ፈይሩዛ አብዶ
አሰላ፣ ሐምሌ ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.