ሚኒስትር ያልነው አውራ በግ

መስከረም 8

እንደወትሮው። የሰው ቀሚስ ዚፕ ስቀይር ዋልኩ። ባሌ የበግ ሽታውን እየጎተተ ከጓሮ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓሮ። ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ ወዲህ ክራባቱን ትቷል፤ ስብሰባውን ግን አልተወም። ቁርስ ላይ ስለ "እርባታችን ራዕይ" ንግግር አደረገ። ተሰብሳቢዋ እኔ ብቻ። ራዕዩ ለጊዜው ሃያ ሴት በጎችና አንድ የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ጣሪያውን መቼ ይሆን የሚያየው?

መስከረም 15

አውራ በጉ መጣ። በኪራይ መኪና፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት። የእኔን ልደት የማያስታውስ ሰው የበጉን የዘር ሐረግ እስከ ቅድመ አያቱ በቃሉ ይዞታል።

ቁመናው ለጉድ ነው፤ ነጭ፣ ደረተ ሰፊ። ከመኪናው ወረደ፣ ሴቶቹን ገረፍ አድርጎ አየና ወደ መኖው ሄደ። "ሚኒስትሩ" አልኩት። ባሌ የክብር ስም መስሎት ደስ አለው።

ጥቅምት 20

ለሐቅ ሲባል ይጻፍ... ሚኒስትሩ ሰነፍ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከሴቶቹ ኋላ ደፋ ቀና ሲል ይውላል። ባሌ አጥር ላይ ተደግፎ በኩራት ያያል። ራሱ የሠራ ይመስል።

ታኅሣሥ 12

አንዷም አልያዘችም። ደግመው ደጋግመው ወንድ ይፈልጋሉ።

"ሴቶቹ ናቸው። መካን ሸጡልኝ።"

"ሁሉም?"

"ሊሆን ይችላል።"

"አውራውስ?"

"ቁመናውን አታይም እንዴ?"

አማቴ ትናንት በእንግድነት መጥተዋል። ሻያቸውን እያማሰሉ "የማትወልድ ማስቀመጥ መኖ መጨረስ ነው" አሉ። ስለ በጎቹ መሆኑ ነው። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር።

በትዳር አሥራ ስድስት ዓመት። ሲኒዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 13

ነጋዴ ጠርቷል። ከነገ ወዲያ ሴቶቹን ሊወስዳቸው ነው። ለሥጋ።

ታኅሣሥ 14

የእንስሳት ሐኪሟን ራሴ ጠራኋት። ባለ ላስቲክ ቦቲ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። ሴቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። "ጤነኞች ናቸው። አውራውን አምጡት።"

"እሱን መንካት አያስፈልግም" አለ ባሌ።

"ለምን?"

እኔ አንገቱን ይዤ አመጣሁት። ከሆዱ በታች ዳበሰችው፣ ዘሩንም ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየች።

"ቆለጡን አሞት ያውቃል። ዘር የለውም።"

"ግን እኮ ቁመናው..."

"ቁመና አያስረግዝም" አለች ጓንቷን እያወለቀች። ሴትዮዋን መሳም አማረኝ። አማቴ በረንዳ ላይ ነበሩ። ድንገት ጆሯቸው ደከመ።

ስትሄድ ባሌን ጠየቅኩት።

"እኔ ስንት ሐኪም ቤት ነው የተመረመርኩት?"

የበረቱን በር መቀርቀር ጀመረ።

"አንተስ?"

"አሁን የምናወራው ስለ በግ ነው።"

"እኔም ስለ በግ ነው።"

ታኅሣሥ 15

ነጋዴው መጣ። ሚኒስትሩን ይዞ ሄደ። ባሌ እስከ መንገዱ ሸኘው።

ወተት ሻጯ ጎረቤታችን የራሷን አውራ አዋሰችን። አጭር፣ ግራጫ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። የዘር ሐረጉን ማንም አልጠየቀው።

ግንቦት 22

የት እንደምጀምር... ባሌ መኖ ሊገዛ ወጥቶ ሳለ አንዷ ምጥ ያዛት። ግልገሉ ተጣመመባት። ሐኪሟ ራቅ ያለ ቦታ ስለነበረች በስልክ ትነግረኛለች። "እህቴ፣ ጥፍርሽን ቁረጪ። እጅሽን እስከ ክርንሽ በሳሙና ታጠቢ። አትሳቢ፤ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ፈልጊ።"

ፈለግኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄ ውስጧ ሆኖ። ስንት ዓመት መርፌና ክር የያዘ እጅ ነው። አገኘሁት። ስታምጥ ጠብቄ ሳብኩ። ድርቆሹ ላይ ተዘረገፈ፣ ዝም አለ... ከዚያ አነጠሰ።

ባሌ ሲገባ ደም በደም ሆኜ ግልገሉን ታቅፌያለሁ። ስብሰባ አልጠራም። አጠገቤ ተንበረከከ።

"እሄዳለሁ" አለ።

"የት?"

"ሐኪም ቤት። መመርመር አለብኝ።"

ቀልድ ፈለግኩ፤ አፌ ላይ አንድም አልመጣም።

ሰኔ 2

ከሐኪም ቤት ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ እናቱ ጋ ደወለ፤ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ።

"እማዬ፣ ከእኔ ነው።"

"ምኑ?"

"ልጅ ያጣነው። ችግሩ ከእኔ ነው፤ ከድሮም።"

"ግልገሎቹ እንዴት ናቸው?" አሉ አማቴ።

"ደህና ናቸው እማዬ፣ ይጠባሉ፣ ይዘላሉ" አለ ባሌ። ማድ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ። መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። አልነካኝም፤ አልሄደምም።

ጥቅምት 11

ዓመት አለፈን። ሁለተኛው በረት ትናንት አለቀ፤ ጣሪያው አያፈስም። ግልገል በቀብድ ለመያዝ ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ ገና ያልተወለዱት ሁሉ ተይዘዋል። ስፌቱን አቁሜያለሁ። በምጥ ጊዜ ሐኪሟ ሳትገኝ ሲቀር ጎረቤቶች እኔን ይጠራሉ። ባሌ ያስጎበኛል። ንግግር አንሶት አያውቅም።

ዛሬ አንድ ገዢ በረቱን ሲዞር ጥግ ላይ የተኛችውን አየ። ከሃያዎቹ አንዷ፣ በጭራሽ ያልወለደችው። "ይህችን ለሥጋ ስጡኝ" አለ። ባሌ አፉን ሳይከፍት አማቴ ቀደሙ። ሰሞኑን እኛ ጋ ናቸው፤ መኖ አበጥራለሁ ብለው አቧራ ለብሰዋል።

"እሷን ተዋት። እሷ የቤቱ ናት።"

ከዚያ ሰፌዳቸውን አንስተው ማበጠራቸውን ቀጠሉ። ይቅርታ የምትባለዋን ቃል ዛሬም አላገኟትም። ይህን ለመስማት ነው ያን ሁሉ ዓመት?... ይሁን።

ወገባቸውን ሲይዙ አየሁ። ወንበር አመጣሁላቸው፤ ለራሴም አንድ።